ግንብ፣ ክትር ወይስ ቦታ መልቀቅ? የከተማ ጎርፍ መከላከያ በጀት የት ቢውል ይሻላል

የከተማ አስተዳደር ስብሰባ ላይ ጎርፍ ሲነሳ፣ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ አንድ ጥያቄ ይሄዳል፦ ግንቡ ስንት ይፈጃል? ግንብ ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። አይገርምም። ግንብ ይታያል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ተራራ ላይ የተሠራ እርከን ወይም ወንዝ ዳር የተከለከለ የግንባታ ፈቃድ ግን መራቂ የለውም።

ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን ጎን ለጎን አይቶ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። የምክር ቤት አባል ሊሆን ይችላል፣ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ፣ ወይም የከፈልኩት ግብር የት ገባ የሚል ነዋሪ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሁለት ነገር ሳይታወቅ አማራጭ መምረጥ አይቻልም። አንደኛ፣ የሚመጣው ውሃ ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ ሥራው ከተመረቀ ከ10 ዓመት በኋላ ጥገናውን ማን ይከፍላል?

መጀመሪያ ውሃውን ለዩት

ትልቅ ወንዝ ቀስ ብሎ ሞልቶ ሜዳው ላይ ለቀናት የሚተኛ ጎርፍ አለ። ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ታች ያለው ሰው ጠብታ ሳያይ የሚደርስበት ደራሽ ጎርፍ አለ። ወንዝ በሌለበት፣ ከተማው ላይ የወረደው ዝናብ ራሱ መሄጃ አጥቶ ቤት የሚገባበት ጊዜም አለ። የባሕር ዳርቻ ከተሞች ላይ ደግሞ ማዕበል ይጨመራል።

ልዩነቱ ገንዘቡን ይወስናል። ድሬዳዋን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የመታው ጎርፍ በሌሊት የመጣ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ጣለ፣ ውሃው ሰው በተኛበት ደረሰ፣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እንዲህ ላለው ውሃ የመንገድ ዳር ቦይ ማስፋት ጠብ የሚል ነገር የለውም። ኮፐንሃገንን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2011 ያጥለቀለቃት ግን ሌላ ነው፤ ከተማዋ ላይ በጥቂት ሰዓት ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደና ቱቦዎቹ አልቻሉትም። እዚያ ደግሞ የወንዝ ግንብ ቢሠራ ኖሮ ምንም ባልፈየደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ "መቶ ዓመት ጎርፍ"ም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ስብሰባ ላይ ስለሚያሳስት። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት መድገም ይችላል። 30 ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት አንድ በላይ! "አምና መጥቷል፣ እኛ ዕድሜ አይደርስም" የሚል ባለሥልጣን ካጋጠማችሁ ይህን ቁጥር አሳዩት።

ግንብና ዳይክ

ዳይክ ወንዝ ዳር የሚሠራ የአፈር ግንብ ነው። የሁለቱም ጥቅም ግልጽ ነው። ከተማው ወንዝ ዳር ከተቆረቆረ፣ መሀል ከተማውም እዚያው ከሆነ፣ አንዳንዴ ከግንብ ሌላ ምርጫ የለም። ውሃውን ያቆማል፣ ቶሎ ይሠራል፣ ኮንትራክተሩም በየቦታው አለ።

ችግሩ ሦስት ነው። የመጀመሪያው፣ ግንብ የሚያቆመው እስከ ቁመቱ ነው። ካለፈው ወይም ከፈረሰ ውሃው ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ነው የሚገባው። ሁለተኛው፣ ከግንቡ ጀርባ ያለው መሬት "ደህና ነው" ይባልና ይሸጣል፣ ይገነባበታል። ከ20 ዓመት በኋላ ግንቡ ቢሰበር ጉዳቱ ግንብ ከሌለበት ዘመን ይበልጣል ማለት ነው። ሦስተኛው ለጎረቤት የሚተርፍ ነው፤ እዚህ የታፈነው ውሃ ታች ያለው ከተማ ላይ ከፍ ብሎ ይደርሳል።

አሜሪካ ለረጅም ዘመን በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከዳይክ በቀር ሌላ አያስፈልግም የሚል ፖሊሲ ነበራት። የ1927ቱ ጎርፍ ያንን ናደው። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ወንዙ ሲሞላ ሆን ተብሎ ውሃ የሚለቀቅባቸው ሰፋፊ መተንፈሻ ሜዳዎች እንዲዘጋጁ አደረገ። ግን ትምህርቱ ሁሉም ጋ አልደረሰም። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ስትመታ፣ ከቦዮቹ ዳር ከቆሙት ግንቦች አንዳንዶቹ ውሃው ገና አናታቸው ላይ ሳይደርስ ነው የተደረመሱት። የከተማዋ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ውስጥ ገባ። ግንቡን የሠራው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የመጠበቅ ኃላፊነቱ ደግሞ የአካባቢ ቦርዶች ነበር። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ሲፈርስ ሁለቱም ይተያያሉ።

ኔዘርላንድስ በዳይክ የሚበልጣት አገር የለም፣ እሷም ሐሳቧን አሻሽላለች። በ1995 ወንዞቹ ሞልተው ወደ 250,000 ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ፣ ዳይኩን ብቻ እያስረዘሙ መሄድ አያዋጣም ብለው ለወንዙ ቦታ መስጠት ጀመሩ። ናይሜኸን ከተማ አጠገብ ዳይኩን 350 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡት፣ ለውሃው ተጨማሪ መሄጃ ቆፈሩ። ወደ 50 የሚሆኑ ቤቶች መነሳት ነበረባቸው። ውጤቱ፣ ጎርፍ ሲመጣ የውሃው ከፍታ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከዳይክ አናት ላይ ያለ 30 ሴንቲ ሜትር ከተማ ያድናል።

ውሃውን ከላይ ማዘግየት

እኔ ለመካከለኛና ለትንሽ ከተማ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ይህን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እንግሊዝ ውስጥ ፒከሪንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1999 እስከ 2007 ባለው ጊዜ አራቴ ጎርፍ ገባባት። የመከላከያ ግንብ ተጠና፣ ዋጋው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሆነ። በመንግሥት የአሠራር መለኪያ ለዚህች ከተማ ያንን ያህል ማውጣት አያዋጣም ተባለ፣ ግንቡ ቀረ። ነዋሪው ተናደደ፣ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ከተመራማሪዎችና ከደን መሥሪያ ቤቱ ጋር ሆነው ወደ ላይኛው ተፋሰስ ወጡ።

የሠሩት ክትር ሲታይ የተረሳ እንጨት ነው የሚመስለው። ግንዶች ጅረቱን አቋርጠው ይጋደማሉ፣ በመሀላቸው ቅርንጫፍ ይጠላለፋል፣ ከሥር ግን ክፍተት ይተዋል። በአዘቦት ቀን ውሃው በክፍተቱ በኩል እንዳሻው ያልፋል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ከግንዱ ጋር ይጋጭና ወደ ጎን ሜዳው ላይ ይፈሳል፣ እዚያ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እንዲህ ዓይነት ከ160 በላይ ክትር ሠሩ፤ ሌሎቹን ጅረቶች በደረቅ ቁጥቋጦ እስር ገደቧቸው፣ ዛፍ ተከሉ። ከከተማው በላይ ደግሞ በአፈር ክምር የታጠረ፣ እስከ 120,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ማቆያ ሠሩ። በ2015 የገና ማግስት በአካባቢው ከባድ ዝናብ ሲጥል ከተማዋ ዳነች። በኋላ በተደረገው ትንተና ሥራው የጎርፉን ጫፍ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደቀነሰው ተገመተ፤ ግማሹ ከክትሩና ከዛፉ፣ ግማሹ ከማቆያው የመጣ ነው።

እዚህ ላይ መጋነን የለበትም። ክትርና እርከን ትንሹንና መካከለኛውን ጎርፍ ይሰብራሉ፤ መሬቱ ጠግቦ ከመጠን በላይ ሲዘንብ ግን አቅማቸው ያልቃል። ተዳፋቱ በጣም ገደላማ ከሆነም ያንሳል። ዛፉ ሥር እስኪሰድ ዓመታት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን አስተዳደሩ ነው፤ ላይኛው ተፋሰስ ብዙ ጊዜ የሌላ ወረዳ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ውሃ እንዲተኛለት ሲጠየቅ "ምን አገኝበታለሁ?" ይላል፣ ልክም ነው። ለዚህ በጀት ያልያዘ ዕቅድ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ከላይ ትልቅ ግድብ መሥራትስ? ይሠራል፣ ትልቁን ጎርፍም ይይዛል። ግን ግድብ ሲታሰብ ደርና ትታሰብ። በሴፕቴምበር 2023 ከዚህች የሊቢያ ከተማ በላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈረሱ፣ ሺዎች ሞቱ። በ1970ዎቹ ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ የተሠሩ ግድቦች ነበሩ። ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ይታወቅ ነበር፤ በ2007 ውልም ተፈርሞ ነበር፤ ሥራው አላለቀም። ጥገና የማይደረግለት መከላከያ መከላከያ ከሌለበት ከተማ የበለጠ ይገድላል። ሰው አምኖ ሥሩ ይተኛልና።

ቦይ፣ ቱቦና ውሃ የሚይዝ መናፈሻ

ዝናቡ ከተማው ላይ የሚወርድ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። አንዱ መንገድ ቱቦ ማስፋት ነው። ቶኪዮ አካባቢ በ2006 የተጠናቀቀ፣ ከመሬት በታች 50 ሜትር ገደማ የሚገኝ 6.3 ኪሎ ሜትር ዋሻ አለ፤ የትንንሽ ወንዞችን ትርፍ ውሃ ተቀብሎ ወደ ትልቁ ወንዝ ይገፋል። ያስደንቃል። ግን የቶኪዮ ካዝና የሌለው ከተማ ይህን ቪዲዮ አይቶ መጎምጀት የለበትም።

ሌላው የኮፐንሃገን መንገድ ነው። ከ2011 በኋላ አስልተው ሲያዩት፣ ቱቦውን ብቻ ከማስፋት ይልቅ ውሃውን ከላይ በመንገድና በመናፈሻ መያዝ ይረክሳል። ወደ 300 የሚጠጉ ሥራዎችን ለ20 ዓመት ያህል ዘርግተው ያዙ። አንዱ መናፈሻ ዙሪያውን በዝቅተኛ ግንብ ታጥሮ፣ ሜዳው ዝቅ ብሎ፣ በከባድ ዝናብ ጊዜ ከ20,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ይይዛል። በሌላው ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ልብ በሉ፣ ይህም ወሰን አለው። ቻይና ውሃ መጣጭ ከተሞችን በመገንባት ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች፤ ዤንግዡ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። በጁላይ 2021 በአንድ ሰዓት ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወርድባት ግን ምንም አልበቃም።

ቱቦ ካላችሁ ደግሞ ከማስፋታችሁ በፊት ጥረጉት። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ክረምት ሊገባ ሲል የአንዱን ቦይ አፍ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ሐይላንድ፣ ፌስታል፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ፣ በላዩ ላይ የደረቀ ደለል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ የሠላሳ ሴንቲ ሜትር ሥራ ነው የሚሠራው። አዲስ ቱቦ ቢቀበርም በሁለት ክረምት እንደዚያው ይሆናል። የጠረጋ ቡድን ደመወዝ ከካፒታል በጀት አይወጣም፣ ከመደበኛው ነው፤ መደበኛው ደግሞ ሁሌ ጠባብ ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቦታውን መልቀቅ

ማንም መስማት አይፈልግም፣ ግን አንዳንዴ ብቸኛው ትክክለኛ መልስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቫልሜየር የምትባል 900 ገደማ ነዋሪ የነበራት ከተማ ከ1993ቱ የሚሲሲፒ ጎርፍ በኋላ ጠቅልላ ከፍ ወዳለው ቦታ ተዛወረች። አውስትራሊያ ውስጥ ግራንታም በጃንዋሪ 2011 ስትመታ፣ የአካባቢው አስተዳደር ከፍ ያለ መሬት ገዝቶ ለነዋሪዎቹ ቦታ በቦታ ቀየረላቸው። ዓመቱ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ገቡ። ፍጥነቱ ነው ያዋጣው። ሰው አንዴ የድሮውን ቤት ካደሰ በኋላ ተነሳ ቢሉት አይነሳም።

መልሶ ማስፈር የሚከሽፈው ከሥራ፣ ከገበያና ከትምህርት ቤት የራቀ ቦታ ሲሰጥ ነው። ካሳው ቤቱን ብቻ ቆጥሮ ገቢውን ከረሳ፣ ሰውየው በሁለተኛው ዓመት ወንዝ ዳር ተመልሶ ይገኛል። ሰውን ከማስነሳት እጅግ የሚረክሰው ደግሞ ከመጀመሪያው አለማስፈር ነው። ወንዝ ዳር ያለውን ባዶ መሬት በማስተር ፕላን አስከብሮ ማቆየት ሲሚንቶ አይፈልግም። የሚፈልገው እምቢ የሚል ኃላፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሲሚንቶ ይወደዳል።

ቅድመ ማስጠንቀቂያ

ቤት አያድንም፣ ነፍስ ያድናል፤ ዋጋውም ከሁሉም ትንሹ ነው። ባንግላዴሽ በ1970 በአንድ ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው ሞተባት። ከዚያ ወዲህ መጠለያና በጎ ፈቃደኞችን በየመንደሩ ዘረጋች፤ በ2007 በጣም ኃይለኛ ማዕበል ሲመታት የሟቾቹ ቁጥር 3,400 ገደማ ነበር። አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ልዩነቱን እዩት። በአንጻሩ ጀርመን ውስጥ በአር ሸለቆ በጁላይ 2021 ትንበያው ቀናት ቀደም ብሎ ነበር፤ ውጡ የሚለው ትእዛዝ ግን ለብዙ ሰው በጊዜ አልደረሰም፣ ከ130 በላይ ሰው አለቀ። የዝናብ መለኪያ መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። በሌሊት በስምንት ሰዓት ማን ስልኩን ያነሳል፣ ማን ያለማንም ፈቃድ ሳይረኑን ይነፋል፣ ይህ መጻፍ አለበት። ለደራሽ ጎርፍ ከተማ ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ከማዕከላዊ መንግሥት የሚመጣ የካፒታል ድጎማ ትልቁን ወጪ ይሸፍናል፣ ግን አንዴ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከጎርፉ በኋላ፣ ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ነው። የሚገነባውን እንጂ የሚጠገነውን አይወድም። ስለዚህ ድጎማ ያገኘ ከተማ ደስታውን ትንሽ ገታ አድርጎ የጥገናውን ሒሳብ ይሥራ።

ብድርና ቦንድ ወጪውን ከሚጠቀመው ከወደፊቱ ትውልድ ጋር ያካፍላሉ። ፍትሐዊ ነው። አደጋው በውጭ ምንዛሬ ሲሆንና ከተማው ቋሚ ገቢ ሳይኖረው ሲበደር ነው። ትልልቅ ሥራዎች በጊዜና በዋጋ ይለጠጣሉም። ባሕሩ ሲሞላ የሚዘጋው የቬኒስ የጎርፍ መከላከያ በር በ2003 ተጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዋን የጠበቀው በ2020 ነው፤ በመሀል በ2014 የሙስና ቅሌት ፈነዳበት፣ ዋጋው ከ5 ቢሊዮን ዩሮ አለፈ።

እኔን የሚማርከኝ ለዚሁ ብቻ የታሰረ የአካባቢ ገቢ ነው። የኔዘርላንድስ የውሃ ቦርዶች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ዛሬም የራሳቸውን ግብር ራሳቸው ይሰበስባሉ፣ ስለዚህ በጀታቸው ከትምህርት ቤትና ከመንገድ ጋር አይሻማም። ተልሳ፣ አሜሪካ፣ በ1984 14 ሰው ከሞተባት በኋላ የዝናብ ውሃ ክፍያ ጀመረች። ክፍያው የሚሰላው ግቢው ውስጥ በሲሚንቶና በጣሪያ በተሸፈነው ስፋት ነው። ብዙ ውሃ ወደ ቦይ የሚለቅ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ብዙ ይከፍላል። በዚያ ገንዘብ ቦዩ ይጠረጋል። ናፓ፣ ካሊፎርኒያ፣ ደግሞ በ1998 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ በእያንዳንዱ ዶላር ግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ግብር ለ20 ዓመት በራሱ ላይ ጣለ። ማብቂያ ቀን ስለነበረው ነው ሕዝቡ የተቀበለው ባይ ነኝ።

የአደጋ መጠባበቂያና ኢንሹራንስ መከላከያ አይደሉም፤ ከጎርፉ በኋላ ቶሎ ለመነሳት ነው። ያስፈልጋሉ፣ ግን በመከላከያ በጀት ዓምድ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ጥገና ሒሳቡን እንዴት እንደሚገለብጠው

በሐሳብ ቁጥር ላሳያችሁ። በየዓመቱ 5 በመቶ የመምጣት ዕድል ያለው ጎርፍ 100 ሚሊዮን ያወድማል እንበል። በአማካይ በዓመት 5 ሚሊዮን ጉዳት ነው። 200 ሚሊዮን የሚፈጅ፣ 50 ዓመት የሚቆይ ግንብ ይህን ሁሉ ካስቀረ 250 ሚሊዮን ያድናል። አዋጭ ነው ተብሎ ይጸድቃል። አሁን በዓመት 2 ሚሊዮን ጥገና ጨምሩበት፦ 100 ሚሊዮን። ጠቅላላ ወጪው 300 ሆነ፣ ከሚያድነው በለጠ። ጥገናውን ከሒሳቡ ማውጣት ደግሞ አያዋጣም፤ ግንቡ 50 ዓመት አይቆይምና። እርግጥ ይህ ስሌት የሰው ነፍስን አይቆጥርም፣ የድሃ ሰፈርንም ቤቱ ርካሽ ስለሆነ ዝቅ አድርጎ ያያል። ቁጥሩን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ታዲያ ለየትኛው ከተማ የትኛው?

ደራሽ ጎርፍ የሚያሰጋው፣ በጀቱ ትንሽ የሆነ ከተማ ከሆናችሁ፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በዚያው ዓመት ወንዝ ዳር አዲስ ግንባታ ማቆም፣ ቀጥሎ ከላይኛው ወረዳ ጋር ተዋውሎ ክትርና እርከን። ግንብ ከተሠራ ለሆስፒታሉ፣ ለውሃ ማጣሪያውና መነሳት ለማይችለው ሰፈር ብቻ ይሁን።

ትልቅ ወንዝ ዳር ያለ፣ መሀል ከተማው ሜዳ ላይ የሆነ ከተማ ዳይክ ያስፈልገዋል። ግን ወደ ኋላ የሚሳብበት ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠቀም፤ ከታች ካለው ከተማ ጋርም ሳይስማማ አይጀምር።

ችግሩ ዝናቡ ራሱ ከሆነ የመጀመሪያው ብር ለጠረጋ፣ ሁለተኛው ለመናፈሻና ለክፍት ቦታ ይሁን፤ ቱቦ ሦስተኛ ነው። የዝናብ ውሃ ክፍያ የሚስማማውም ለዚህ ከተማ ነው።

በ20 ዓመት ሦስት አራቴ የሰመጠ ሰፈር ካለ ግንብ ከማስጠናታችሁ በፊት የመልሶ ማስፈሩን ዋጋ አስጠኑ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ።

አማካሪው የአዋጭነት ጥናቱን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ከፎቶው አትጀምሩ። ያልተመረጡት አማራጮች ዋጋቸው ተሠርቷል ወይ? ዲዛይኑ ከሚችለው በላይ ውሃ ሲመጣ ወዴት ይሄዳል? ታች ያለው ከተማስ ተጠይቋል? ከዚያ የጥገናውን ገጽ ፈልጉ። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ዓመታዊው መጠንና የበጀት ርዕሱ ተጽፎ ከሆነ ወደ ጨረታ ይሂድ። "በሚመለከተው አካል ይከናወናል" የሚል ብቻ ካለበት መልሱለት።